መግነጢሳዊ መስክና እንቅስቃሴ በ90 ዲግሪ ሲገናኙ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችም፣ ፊዚክስን ከተዉ ዓመታት ያለፋቸው ሰዎችም ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

መግነጢሳዊ መስክ ቻርጅ ያለውን ነገር ምን ያደርገዋል?

ወደ ጎን ይገፋዋል። ወደ ፊት አይገፋውም፤ ወደ ኋላም አይጎትተውም። አንድ ኤሌክትሮን (ቻርጁ ኔጌቲቭ ነው) ወይም ፕሮቶን (ቻርጁ ፖዘቲቭ ነው) በመስኩ ውስጥ ሲያልፍ የሚያርፍበት ኃይል ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ከመስኩ አቅጣጫ ጋርም እንዲሁ።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መስክ ፖዘቲቭ ቻርጅን በራሱ በመስኩ አቅጣጫ ይገፋዋል። ስለዚህ ማግኔትም ቅንጣቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ዋልታው የሚስበው ይመስለናል። አይስበውም። በሁለት ዋልታዎች መካከል የሚያልፍ ኤሌክትሮን ወደ አንዱም ዋልታ አይጠጋም፤ ወደ ጎን ይታጠፋል።

ይህ ኃይል በኔዘርላንዳዊው ፊዚሲስት በሄንድሪክ ሎሬንትዝ ስም ይጠራል። በነገራችን ላይ የመግነጢሳዊውን ክፍል ትክክለኛ ቀመር እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1889 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ጽፎት ነበር። ዝናው ግን ለሎሬንትዝ ደረሰ።

ቻርጁ ቆሞ ከሆነስ?

ምንም አይደርስበትም። ፍጥነቱ ዜሮ ከሆነ ኃይሉም ዜሮ ነው፤ የቱንም ያህል ጠንካራ ማግኔት ብታመጡ። ቻርጅ የሌለው ነገርም አይታጠፍም። ብርሃን በማግኔት አጠገብ ሲያልፍ መንገዱን የማይስተው ለዚህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ይህ የሚሠራው መስኩ በጊዜ የማይለዋወጥ ሲሆን ነው። መስኩ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ከሄደ የኤሌክትሪክ መስክ ይወልዳል። ያ ደግሞ የቆመውንም ቻርጅ ያንቀሳቅሰዋል። ትራንስፎርመር የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

90 ዲግሪ ላይ ምን የተለየ ነገር አለ?

ኃይሉ ከሁሉም የሚበልጠው ቅንጣቱ መስኩን በ90 ዲግሪ ሲያቋርጠው ነው። የኃይሉ መጠን በማዕዘኑ ሳይን ይለካል። በ30 ዲግሪ ካቋረጠው ኃይሉ ግማሽ ይሆናል። በመስኩ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ከሄደ ደግሞ ዜሮ ነው፤ መስኩ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

እዚህ ላይ ሁለት 90 ዲግሪዎች እንዳሉ ልብ በሉ። አንደኛው በእንቅስቃሴውና በኃይሉ መካከል ያለው ነው። ይህ ሕግ ነው፤ መቼም አይለወጥም። ሁለተኛው በእንቅስቃሴውና በመስኩ መካከል ያለው ነው። ይህኛው ሕግ አይደለም፤ ጥያቄው ወይም መሣሪያው እንዲያ ስላዘጋጀው ነው። 50 ዲግሪም፣ 10 ዲግሪም ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን የለየ ተማሪ የቀረው ይቀለዋል።

ኃይሉ ስንት እንደሆነ እንዴት ይሰላል?

ቻርጁን በፍጥነቱ፣ የተገኘውን ደግሞ በመስኩ ጥንካሬ ማባዛት ነው። 90 ዲግሪ ካልሆነ በማዕዘኑ ሳይን ጭምር ታባዛላችሁ። ቻርጁ በኩሎምብ፣ ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ፣ መስኩ በቴስላ ከተለካ መልሱ በኒውተን ይወጣል። ቴስላ ትልቅ መለኪያ ነው። የምድር መስክ እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ ብቻ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ያለው የኤምአርአይ ማሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ፤ ወደ ታችም እንመለስበታለን። አንድ ኤሌክትሮን በሰከንድ 10 ሚሊዮን ሜትር እየተጓዘ 1 ሚሊ ቴስላ መስክ ውስጥ በ90 ዲግሪ ገባ። ቻርጁ 1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ነው። ሲባዛ ኃይሉ 1.6 × 10⁻¹⁵ ኒውተን ይሆናል።

ይህ ቁጥር ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን የኤሌክትሮኑ ክብደት 9 × 10⁻³⁰ ኒውተን ገደማ ነው። መግነጢሳዊው ኃይል ክብደቱን ከ100 ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። በእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ላይ የመሬት ስበትን ማንም የማያነሳው ለዚህ ነው።

አቅጣጫውን ለማወቅ የቀኝ እጅ ነው ወይስ የግራ?

ሁለቱም ይሠራሉ፤ መደባለቅ ነው የሚያጠፋው። በቀኝ እጅ ከሆነ አራቱን ጣቶች ቅንጣቱ ወደሚሄድበት ዘርጉ። ከዚያ ወደ መስኩ አቅጣጫ እጠፏቸው። የቆመው አውራ ጣት ኃይሉን ያሳያል። በግራ እጅ የሚሠራው የፍሌሚንግ ሕግ ነው። ጠቋሚ ጣት ለመስኩ፣ የመሃል ጣት ለከረንቱ (ለፖዘቲቭ ቻርጅ ፍሰት)፣ አውራ ጣት ለኃይሉ። ሦስቱ ጣቶች እርስ በርስ 90 ዲግሪ ሆነው ይቆማሉ። መልሱ አንድ ነው።

ሁለቱም ሕጎች የተሠሩት ለፖዘቲቭ ቻርጅ ነው። ኤሌክትሮን ከሆነ መጀመሪያ እንደ ፖዘቲቭ ሥሩና መጨረሻ ላይ አቅጣጫውን ገልብጡት። ፈተና ላይ ነጥብ ከሚያስጥሉ ነገሮች ቀዳሚው ይህ ይመስለኛል። ሁለተኛው ደግሞ የሚያስቅ ነው። ቀኝ እጃቸው እርሳስ ስለያዘ ብቻ የቀኝ እጁን ሕግ በግራ እጃቸው የሚሠሩ ተማሪዎች አሉ። እርሳሱን አስቀምጡት።

በሥዕል ላይ ያሉት ነጥቦችና የመስቀል ምልክቶች ምንድን ናቸው?

ነጥብ ማለት መስኩ ከወረቀቱ ወጥቶ ወደ እናንተ ይመጣል ማለት ነው። የመስቀል ምልክት ደግሞ ከእናንተ ርቆ ወደ ወረቀቱ ይገባል ማለት ነው። ወደ እናንተ የሚመጣ ፍላጻ ጫፉ እንደ ነጥብ፣ የሚሄደው ደግሞ የጭራው ላባ እንደ መስቀል ይታያል። ምልክቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ቅንጣቱ ለምን ክብ ይሠራል? የክቡ ስፋትስ በምን ይወሰናል?

ኃይሉ ወደ ጎን ስለሆነ ቅንጣቱን ትንሽ ያጥፈዋል። ቅንጣቱ ሲታጠፍ ኃይሉም አብሮት ይዞራል፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ከአዲሱ አቅጣጫ ጋር 90 ዲግሪ መሥራት አለበት። እንደገና ያጥፈዋል። መስኩ በየቦታው እኩል ከሆነ መተጣጠፉም በየቦታው እኩል ነው። በየቦታው እኩል የሚታጠፍ መንገድ ደግሞ ክብ ነው።

ሬዲየሱን ለማግኘት የቅንጣቱን ማስ (መጠነ ቁስ) በፍጥነቱ አባዙ። ከዚያ ለቻርጁና ለመስኩ ብዜት አካፍሉት። የላይኛው ኤሌክትሮናችን 5.7 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ይሠራል። በዚያው ፍጥነትና በዚያው መስክ ፕሮቶን ብናስገባ ግን ማሱ 1836 እጥፍ ስለሆነ ሬዲየሱ ከ100 ሜትር ያልፋል። የሚዞረውም በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

ይህ ልዩነት ብዙ ጥቅም ላይ ውሏል። የማስ ስፔክትሮሜትር አተሞችን የሚለየው በሚሠሩት ክብ ስፋት ነው። እኩል ቻርጅና እኩል ኢነርጂ ያላቸው ካርቦን 12 እና ካርቦን 14 አንድ መስክ ውስጥ ቢገቡ የካርቦን 14 ሬዲየስ በ8 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ያች 8 በመቶ ትበቃለች። የአባ ገሪማ ወንጌሎች ብራና በኦክስፎርድ በካርቦን ሲመረመር ዕድሜው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑ ታውቋል። ዛሬ ከጥንታዊ ብራና ላይ ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ወስዶ ዕድሜውን ማወቅ የተቻለው፣ ካርቦኑን አተም በአተም በማግኔት አጥፎ የሚለይ መሣሪያ ስላለ ነው።

እየተገፋ ከሆነ ለምን አይፈጥንም?

ግፊቱ ወደ ጎን ስለሆነ ነው። ፍጥነት የሚጨምረው ኃይሉ ቢያንስ በከፊል ወደ ሄዱበት አቅጣጫ ሲሆን ነው። የሚቀንሰውም በተቃራኒው ሲሆን ነው። መግነጢሳዊው ኃይል ሁለቱንም አያደርግም። ስለዚህ ሥራ አይሠራም፤ የቅንጣቱ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ እንደገባ ይወጣል። በሰከንድ 10 ሚሊዮን ሜትር የገባው ኤሌክትሮን አንድ ሺህ ጊዜ ከዞረም በኋላ ያው 10 ሚሊዮን ሜትር ነው።

«ታዲያ አክሰለሬሽን የለውም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። አለው። አቅጣጫ መቀየርም አክሰለሬሽን ነው። ኤሌክትሮናችን ወደ ክቡ መሃል ያለው አክሰለሬሽን ከመሬት ስበት በመቶ ትሪሊዮኖች እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም የፍጥነቱ መጠን ንቅንቅ አይልም። ለጥንቁቅ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የሚዞር ቻርጅ ጨረር ስለሚያመነጭ ቀስ በቀስ ኢነርጂ ያጣል። በተራ የክፍል ጥያቄ ግን ይህ ከቁጥር አይገባም።

የፈጠነው ቅንጣት ዙሩን ቀድሞ ይጨርሳል?

አይጨርስም። እኩል ይጨርሳሉ። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ የክቡ ዙሪያም እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ተጣጥተው አንድ ዙር የሚወስደው ጊዜ አይለወጥም። ጊዜውን የሚወስኑት ማሱ፣ ቻርጁና መስኩ ብቻ ናቸው። በ1 ሚሊ ቴስላ ውስጥ ማንኛውም ኤሌክትሮን አንድ ዙር ለመጨረስ 36 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል።

አሜሪካዊው ኧርነስት ሎረንስ ሳይክሎትሮንን የሠራው ይህን ይዞ ነው። ቅንጣቱ ግማሽ ዙር በጨረሰ ቁጥር በኤሌክትሪክ ይገፋዋል። ይፈጥናል፤ ክቡ ይሰፋል። የሚቀጥለው ግፊት ሰዓት ግን አይለወጥም። ስለዚህ የኤሌክትሪኩን መለዋወጫ በአንድ ምት ማስኬድ ይበቃል። በ1931 እ.ኤ.አ. የሠራው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ነበር፤ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1939 ኖቤል አገኘበት። እዚህ ላይ የሥራ ክፍፍሉን ተመልከቱ። የሚያፈጥነው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ማግኔቱ የሚያጥፍ ብቻ ነው። ደግሞም ይህ የእኩል ጊዜ ነገር የሚሠራው ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት በጣም ባነሰ ጊዜ ነው። ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጋ ዙሩ ጊዜ እየወሰደ ይሄዳል፤ ምቱም ይፋለሳል።

ከውጭ የገባ ቅንጣት ለምን እዚያው ሲዞር አይቀርም?

መስኩ ድንበር ስላለው ነው። ሥዕል ላይ ቀጥ ያለ ድንበር አስምሩና ቅንጣቱን ከድንበሩ ጋር በ90 ዲግሪ አስገቡት። መታጠፍ ይጀምራል፤ ግማሽ ክብ ይሠራና ተመልሶ ከድንበሩ ይወጣል። ሙሉ ክብ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሌላኛው ግማሽ ከመስኩ ውጭ ነው የሚወድቀው። የወጣበት ነጥብ ከገባበት በሁለት ሬዲየስ ይርቃል። አቅጣጫው ፍጹም ተገልብጧል፤ ፍጥነቱ ግን አልተነካም።

የመስኩ ስፋት ከሬዲየሱ ካነሰ ደግሞ ቅንጣቱ ግማሽ ክቡንም ሳይጨርስ በማዶ በኩል ይወጣል። ምን ያህል እንደታጠፈ ማወቅ ቀላል ነው። የመስኩን ስፋት ለሬዲየሱ ስታካፍሉ የታጠፈበትን ማዕዘን ሳይን ታገኛላችሁ። ኤሌክትሮናችን 2.85 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መስክ ቢያልፍ በ30 ዲግሪ ታጥፎ ይወጣል።

በትክክል 90 ዲግሪ ባይገባስ?

ፍጥነቱን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ክፍል መስኩን በ90 ዲግሪ ያቋርጣል፤ ሌላው ከመስኩ ጋር ትይዩ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ክብ ይሠራል። ሁለተኛውን ማንም አይነካውም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱ ሲደመሩ የሽቦ ስፕሪንግ የሚመስል ጥምዝ መንገድ ይወጣል።

በኖርዌይና በስዊድን ሰሜናዊ ክፍል ሌሊት ሰማዩን አረንጓዴ የሚያደርገው ብርሃን የሚመጣው በዚህ መንገድ በሚወርዱ ኤሌክትሮኖች ነው። የምድርን መስክ እየተጠማዘዙበት ወደ ታች ይወርዳሉ። 1000 ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ኢነርጂ መለኪያ ነው) ያለው ኤሌክትሮን በ50 ማይክሮ ቴስላ ውስጥ የሚሠራው ክብ ሬዲየስ ቢበዛ 2 ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁል ግን በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

የኤሌክትሪክ መስክ አብሮ ካለ ምን ይሆናል?

ሁለቱን ኃይሎች እንዲጣጡ ማድረግ ይቻላል። የኤሌክትሪክ መስኩን ከመግነጢሳዊው ጋርም፣ ከቅንጣቱ መንገድ ጋርም 90 ዲግሪ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የኤሌክትሪኩ ኃይል ፍጥነትን አያይም። የማግኔቱ ኃይል ግን ከፍጥነት ጋር ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ ነው። ያ ፍጥነት የኤሌክትሪክ መስኩ ለመግነጢሳዊው ሲካፈል የሚገኘው ነው። በሜትር 10,000 ቮልት እና 1 ሚሊ ቴስላ ከሆኑ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ሜትር ይወጣል። ይሄውና የእኛ ኤሌክትሮን ቀጥ ብሎ ያልፋል። የዘገየውም የፈጠነውም ወደየጎኑ ይወድቃል።

ማሱም ቻርጁም በስሌቱ ውስጥ የሉም። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ የሆነ ነገር የረሱ ይመስላቸዋል። አልረሱም። ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 እ.ኤ.አ. የካቶድ ጨረርን (አየር በወጣለት ቱቦ ውስጥ የሚፈስ የኤሌክትሮኖች ጨረር) በኤሌክትሪክና በማግኔት አጥፎ የቻርጁንና የማሱን ንጽጽር ያገኘው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። ከአተም ያነሰ ነገር መኖሩ የታወቀው ያኔ ነው።

ሽቦ ውስጥ ያለ ከረንትስ?

ሽቦው ውስጥ የሚሄዱት ኤሌክትሮኖች ወደ ጎን ይገፋሉ። ከሽቦው መውጣት ስለማይችሉ ሽቦውን ይዘውት ይሄዳሉ። ኃይሉ የመስኩ፣ የከረንቱና የሽቦው ርዝመት ብዜት ነው፤ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ሲሆን። 10 ሴንቲ ሜትር ሽቦ፣ 5 አምፔር፣ 0.2 ቴስላ ከሆነ 0.1 ኒውተን ይሆናል።

ወደ ጎን የተገፉት ኤሌክትሮኖች በአንዱ ጠርዝ ሲጠራቀሙ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህን ኤድዊን ሆል በ1879 እ.ኤ.አ. አገኘው። ዛሬ በብዙ ስልኮች ውስጥ ሰሜንን የሚያሳየው ኮምፓስ የሚሠራው በዚህች ቮልቴጅ ነው።

ማግኔት ሥራ አይሠራም ካልን ሞተሩን ማን ነው የሚያሽከረክረው?

ባትሪው ወይም መብራት ኃይል ነው። ይህ ጥያቄ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን ያስቸግራል፤ ደግሞም ተገቢ ጥያቄ ነው። ሽቦው በማግኔት ተገፍቶ ሲንቀሳቀስ እያየን «ማግኔት ሥራ አይሠራም» ስንባል ይከብዳል።

አንዱን ኤሌክትሮን ብቻ ተመልከቱ። በሽቦው ርዝመት ይጓዛል። ሽቦው ደግሞ ወደ ጎን እየሄደ ነው፤ እሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ትክክለኛ መንገዱ ሰያፍ ነው። መግነጢሳዊው ኃይል ከዚህ ሰያፍ መንገድ ጋር 90 ዲግሪ ስለሆነ እሱም ሰያፍ ነው። ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ክፍል ሽቦውን ወደ ጎን ይገፋል። ሌላው ክፍል ኤሌክትሮኑን በሽቦው ውስጥ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። አንዱ የሰጠውን ሌላው ይወስደዋል፤ ድምሩ ዜሮ ነው።

ወደ ኋላ የሚጎተተውን ኤሌክትሮን ወደፊት ማስኬድ የባትሪው ዕዳ ነው። ኢነርጂውን የሚከፍለው ባትሪው ነው፤ ማግኔቱ ተቀብሎ ወደ ጎን ያስተላልፋል። ሞተር ያለ ሸክም ሲሽከረከር ትንሽ ከረንት፣ ሸክም ሲበዛበት ግን ብዙ ከረንት የሚስበውም ለዚህ ነው። ሲዘገይ ወደ ኋላ የሚጎትተው ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ ባትሪው ደግሞ ይበልጥ ይገፋል። የተያዘ ሞተር የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

አውሮፕላን የምድርን መስክ ሲያቋርጥ ክንፉ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል?

ይፈጠራል፤ ግን የት እንደሚበር ይወስነዋል። ቀጥ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን በሁለቱ የክንፍ ጫፎች መካከል ቮልቴጅ የሚፈጥረው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የቆመው የመስኩ ክፍል ብቻ ነው። የቦይንግ 787 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሜትር ነው። በሰከንድ 250 ሜትር ቢበር፣ የቆመው መስክም እንደ መካከለኛው አውሮፓ 45 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ቢሆን፣ 0.7 ቮልት ያህል ይወጣል።

ያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ሰማይ ላይ ሲደርስ ቮልቴጁ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በከተማዋ አቅራቢያ ስለሆነ መስኩ እዚያ የተኛ ነው። ወደ 36 ማይክሮ ቴስላ የሚደርሰው ጥንካሬ ከሞላ ጎደል ሁሉም አግድም ወደ ሰሜን ያመለክታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ መስኩን ሲለካ የኖረው፣ በዓለም የመስክ ጥናት ውስጥም ቦታ ያገኘው በዚህ አቀማመጡ ነው።

«በ0.7 ቮልቱ አምፖል ማብራት ይቻላል?» ካላችሁ አይቻልም። ከክንፍ ጫፍ እስከ ጫፍ የምትዘረጉት ሽቦም አብሮ ስለሚበር እሱም ላይ ያው ቮልቴጅ ይፈጠራል። ሁለቱ ይጣጣሉ፤ ከረንት አይኖርም።

ከጠፈር የሚወርዱ ቅንጣቶችስ በእኛ አካባቢ ወዴት ይታጠፋሉ?

ፖዘቲቮቹ ወደ ምሥራቅ። እጃችሁን አውጥታችሁ ሞክሩት። እንቅስቃሴው ወደ ታች ነው፤ መስኩ ወደ ሰሜን ነው። አውራ ጣታችሁ ምሥራቅን ያሳያል። ኔጌቲቭ ቢሆኑ ወደ ምዕራብ ይታጠፉ ነበር። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ቁልቁል የሚመጣ ቅንጣት መስኩን በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚያቋርጠው መታጠፉ ከፍተኛ ነው። ፕሮቶን እዚህ በቀጥታ ከላይ ለመውረድ ወደ 15 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልገዋል። ዋልታዎቹ ላይ ግን ከመስኩ ጋር ትይዩ ሆኖ ስለሚመጣ በትንሽ ኢነርጂ ይገባል።

ጣሊያናዊው ብሩኖ ሮሲ ይህን ለመፈተሽ የመጣው አስመራ ነው። ጊዜው 1933 እ.ኤ.አ. ነበር። የኮስሚክ ጨረር ከምን እንደተሠራ ያኔ ገና ያከራክር ነበር። አስመራ ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ ናት፤ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ብዙ አይጋርድም። ሮሲ መቁጠሪያዎቹን አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ እያዘነበለ ቆጠረ። ከምዕራብ የሚመጡት በለጡ። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፍ ነገር የሚመጣው ከምዕራብ በኩል ስለሆነ ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ፖዘቲቭ ናቸው ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የለኩ አሜሪካውያንም እዚያው ውጤት ላይ ደርሰዋል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የእጅ ሕግ ምሳሌ አላውቅም።

የሰርን ትልቁ ቀለበት ሬዲየስ ለምን ከቀመሩ ጋር አይገጥምም?

ቀለበቱ ሁሉ ማግኔት ስላልሆነ ነው። ጄኔቫ አጠገብ ያለው የሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል) ዋሻ፣ ፕሮቶኖች እየተፋጠኑ የሚዞሩበት፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሬዲየሱ 4.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን 7 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፕሮቶን በ8.33 ቴስላ መስክ ውስጥ የሚኖረውን ሬዲየስ ብታሰሉ 2.8 ኪሎ ሜትር ነው የሚመጣው። የሚያጥፉት ማግኔቶች 1232 ናቸው። እያንዳንዳቸው 14.3 ሜትር ይረዝማሉ። ድምራቸው 17.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም 2.8 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ዙሪያ ነው። የቀረው መንገድ ማፍጠኛ፣ መሰብሰቢያና መመርመሪያ መሣሪያ ይዟል፤ ፕሮቶኑ እዚያ ላይ አይታጠፍም።

በዚህ ፍጥነት ላይ «ማስ ሲባዛ በፍጥነት» የሚለው አይሠራም። በቦታው ሞመንተም ተኩ። የቀረው ቀመር እንዳለ ይሠራል።

ከቅንጣቱ ጋር እኩል ብጓዝ ፍጥነቱ ለእኔ ዜሮ ነው። ታዲያ ኃይሉ የት ሄደ?

ስሙን ቀይሮ ይጠብቃችኋል። እናንተ መሬት ላይ ቆማችሁ መግነጢሳዊ መስክ ብቻ ያያችሁበት ቦታ፣ ከቅንጣቱ ጋር ለሚጓዝ ሰው የኤሌክትሪክ መስክም አለው። ቆሞ የሚያየውን ቻርጅ የሚገፋው ያ የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ቅንጣቱ መታጠፉን ሁላችሁም ትስማማላችሁ፤ የምትለያዩት በምክንያቱ ነው።

ከረንት ያለበትን ሽቦ ውሰዱ። ለቆመ ሰው ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እኩል ናቸው፤ ሽቦው ቻርጅ የለውም። ከኤሌክትሮኖቹ ጋር የሚሄድ ሰው ግን ፖዘቲቮቹን ነው የሚንቀሳቀሱ ሆነው የሚያያቸው። የሚንቀሳቀስ ርቀት ስለሚያጥር ፖዘቲቮቹ ተጠጋግተው ይታዩታል። ለእሱ ሽቦው ፖዘቲቭ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሽቦ ውስጥ የሚጓዙት በሰከንድ ከሚሊ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ሊሆን ይችላል። ማጠሩም ለማሰብ የሚከብድ ኢምንት ነው። ነገር ግን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር መዳብ ውስጥ 8.5 × 10²⁸ ያህል ነጻ ኤሌክትሮኖች አሉ። ኢምንቱ በዚያ ሲባዛ ሞተር የሚያዞር ይሆናል።

አይንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሬላቲቪቲ ጽሑፍ የሚጀምረው በዚሁ ጉዳይ ነው። ማግኔቱ ቆሞ ሽቦው ቢንቀሳቀስም፣ ሽቦው ቆሞ ማግኔቱ ቢንቀሳቀስም የሚፈጠረው ከረንት አንድ ነው። የጊዜው ፊዚክስ ግን ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ምክንያት ይሰጥ ነበር።